ባጅ ባይሰጡኝስ? የኮሚክ ኮን ጥያቄዎች ከጎንደር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፦ ኮሚክ ኮን መሄድና እዚያ ያዩትን መዘገብ። ኮሚክ ማለት በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፤ ኮሚክ ኮን ደግሞ የኮሚክ ሠዓሊዎች፣ ደራሲዎች፣ አሳታሚዎችና አንባቢዎች በአንድ አዳራሽ የሚገናኙበት ዝግጅት ነው። ጠያቂዎቻችን ደሞዝ የሚከፍላቸው ሚዲያ የላቸውም፤ የኮሚክ መጽሐፍ ስለሚወዱ ብቻ መጻፍ የሚፈልጉ ናቸው። እኔም ይህን ሥራ ከልቤ ስለምወደው አንዳንዱ መልስ ረዘም ብሏል። ከአዋጅ ቁጥር ጋር የሚመጣው ካልሆነ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ከማራኪ

*"የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ኮሚክ የምጽፍበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ፤ ተከታዮቼ ግን ብዙ አይደሉም። ናይሮቢ ሄጄ ኮሚክ ኮን መዘገብ እፈልጋለሁ። የፕሬስ ባጅ ይሰጡኛል? ካልሰጡኝስ ልቅር?"*

አትቅር ወንድሜ። ባጁን፣ ማለትም ለዘጋቢ የሚሰጠውን የመግቢያ መታወቂያ፣ ጠይቅ፤ ከከለከሉህ ትኬት ቆርጠህ ግባ።

አዘጋጆቹ የሚያዩት ሥራህን ነው። ስምህ ያለበት፣ በቅርብ ጊዜ የወጣ ጽሑፍ አሳየን ይሉሃል። ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው ኮሚክ ኮን ከ130 ሺህ በላይ ሰው የሚገባበት ስለሆነ ፕሬስ ነኝ ያለውን ሁሉ አጣርቶ ነው የሚያስገባው። ትንንሾቹ ዝግጅቶች እንደዚያ አያጠብቁም፤ እንዲያውም ስለነሱ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። ናይሮቢ ላይ ናይኮን የሚባለው ከ2013 ጀምሮ አለ። ሌጎስ በ2012 ጀምሯል፣ ጆሃንስበርግ ደግሞ በ2018። እነዚህን ባቅምህ መድረስ ትችላለህ።

ኢሜይልህ አጭር ይሁን። ማን እንደሆንክ፣ የት እንደምትጽፍ፣ አንባቢዎችህ እነማን እንደሆኑ፣ እዚያ ሄደህ ምን መዘገብ እንዳሰብክ ንገራቸውና ጥሩ ጥሩ ጽሑፎችህን መርጠህ አያይዝ። የተከታይ ቁጥር አትጨምር፤ ቻናልህን ከፍተው ማየት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። የፕሬስ ምዝገባ ከዝግጅቱ ብዙ ቀድሞ ስለሚዘጋ ወራት ቀድመህ ላክ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርህ። ቻናልህ ላይ ያለው ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ዜናና የፊልም ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ አሁን ማመልከት አያዋጣህም። መጀመሪያ ያነበብከውን ገምግም። ከአገር ቤት ጀምር፤ ጀምበር የተባለው የኢትዮጵያ ሱፐርሂሮ ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። አንብበውና ታሪኩ የት ላይ እንደሚፈጥን፣ የት ላይ እንደሚዘገይ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚናገርና ጽሑፉ ምን እንደሚደግም ጻፍ። ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አንብቦ የሚገመግም ሰው ናይሮቢ ላይ ብዙ አታገኝም፤ አንተ ግን ትችላለህ።

ደግሞም ይህ ሥራ በባጅ አልተጀመረም። በ1961 ጄሪ ቤይልስ የተባለ፣ ዲትሮይት ከተማ ያለው የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ አልተር ኢጎ የሚባል የአድናቂዎች መጽሔት በማባዣ እያባዛ በፖስታ መላክ ጀመረ። አብሮት ይጽፍ የነበረው ሮይ ቶማስ ያን ጊዜ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። በ1972 የኮሚክ አሳታሚው የማርቭል ዋና አዘጋጅ ሆነ። ሁለቱም ሲጀምሩ አንባቢ ብቻ ነበሩ።

ባጁ ራሱ የሚታሰበውን ያህል በር አይከፍትም። በብዙ ቦታ የፕሬስ ባጅ ያለውም የፓነል ውይይት ለማየት እንደማንኛውም ሰው ይሰለፋል። ትኬት የቆረጠ ሰው አዳራሹ ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ነገር ያያል፣ ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ሠዓሊውን ያናግራል። የሚቀርበት ነገር ቢኖር ቀጠሮ የተያዘለት ቃለ መጠይቅ ነው፤ እሱንም ቢሆን ቀድመህ ለሠዓሊው በቀጥታ ብትጽፍለት ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ስለ ጉዞው፦ ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ሳታጣራ ቀን አትቁረጥ። ከአዘዞ በአውሮፕላን የምትሄድ ከሆነም ትኬቱን ቀደም ብለህ ያዝ። ለምንዛሪው ባንክህን ወሩ ሳይደርስ ጠይቅ። አዳራሽ ውስጥ ምግብ ውድ ነው፤ ዳቦና ውኃ ይዘህ ግባ።

ከአዘዞ

*"አንድ የሠዓሊዎች ዝግጅት ላይ ተገኝቼ ጻፍኩ፤ ያነበበው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ትልልቁን ዜና ሌሎቹ ቀድመውኝ አውጥተውታል። ታዲያ ለኔ ምን ይቀረኛል?"*

የሚበልጠው ቀርቶልሃል። ይህን የምልህ ለማጽናናት አይደለም።

ሳንዲያጎ ውስጥ አዳራሽ ኤች የሚባል አለ፤ ወደ 6,500 ሰው ይይዛል። ትልልቅ ፊልሞች የሚተዋወቁት እዚያ ነው። መድረክ ላይ የተባለው ነገር ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ በመላው ዓለም ይዳረሳል። አንተ ማታ ማደሪያህ ገብተህ የምትጽፈው ያንኑ ከሆነ ማን ያነበዋል? ያን ተወው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ሰልፉ የማይደርስበት በኩል፣ ሠዓሊዎቹ በየጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። ስለነሱ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ትልቁ ነገር ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ኦሪጂናል ገጽ ካለ ጎንበስ ብለህ እየው። ኦሪጂናሉ ብዙ ጊዜ ከታተመው መጽሐፍ በጣም ይተልቃል፤ ሠዓሊዎች በትልቅ ወረቀት ሠርተው ሲታተም ነው የሚያሳንሱት። ከጥቁሩ ቀለም ሥር ሰማያዊ የእርሳስ መስመር ታያለህ። መጀመሪያ የገጸ ባሕርይው እጅ እዚያ ተዘርግቶ ነበር፣ በኋላ ወደ ደረቱ ተሰብስቧል። ፊቱ ላይ ነጭ ማረሚያ ቀለም ተቀብቶ እንደገና ተስሏል። ጠርዙ ላይ ሠዓሊው ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ አለ። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ላይ የለም፤ እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚህ ጎንደር ወይም ደባርቅ ወይም ደብረ ታቦር ሆኖ የሚያነብህ ሰው ከአንተ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ከዚያ ሠዓሊውን ጠይቅ። "ምን ተሰማህ?" ብለህ አትጠይቅ፤ ለሁሉም የሚሰጠውን መልስ ይሰጥሃል። "ገጽ 12 ላይ ንግግር የሌለው ለምንድን ነው?" በለው። "ይህን ፊት ስንት ጊዜ ደግመህ ሳልከው?" በለው። መጽሐፉን አንብበህ መምጣትህን ሲያውቅ ሰውየው ወንበሩን ያስጠጋል። የአድናቂ ዘጋቢ ጉልበት ይህ ነው፤ ደሞዝተኛው ጋዜጠኛ በአንድ ቀን ሃያ ሰው እንዲያናግር ስለሚላክ የሁሉንም ሥራ አንብቦ መምጣት አይችልም። አንተ ግን አራት ሰው መርጠህ የአራቱንም መጽሐፍ ጨርሰህ መሄድ ትችላለህ። ማንን እንደምታናግር ሳትወስን አዳራሽ አትግባ።

ጠረጴዛው መደብር መሆኑንም አትርሳ። ሠዓሊው የቦታ ከፍሎ፣ አውሮፕላን ከፍሎ ነው የመጣው። ገዢ ሲመጣ ገለል በል። መጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰው ስለሚበዛ ሰላም በለውና መቼ ልመለስ ብለህ ጠይቅ። አቅምህ ከፈቀደ አንድ ነገር ግዛ። መጽሐፍ በነጻ ከሰጠህ ግን ጽሑፍህ ላይ "በነጻ ነው የተሰጠኝ" ብለህ ጻፍ፤ አንባቢህ ይህን የማወቅ መብት አለው።

ስሙን ራሱ በማስታወሻ ደብተርህ ላይ እንዲጽፍልህ አድርግ። የናይጄሪያን ወይም የኬንያን ስም በጆሮ ሰምተህ በአማርኛ ስትጽፈው ሰውየው ሌላ ሰው ይሆንብሃል። አዳራሹ ስለሚጮህ ስልክህን ወደ አፉ አስጠግተህ ቅዳ፣ ከመቅዳትህ በፊት ደግሞ አስፈቅድ። ፓወር ባንክ ያዝ። ማታውኑ ጻፍ፤ በነጋታው ከአንዱ የሰማኸው ከሌላው ከሰማኸው ጋር ይደባለቅብሃል።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ከመሄድህ በፊት እዚሁ ልምምድ አድርገው። ስለ ኮሚክ መጻፍ ማለት ሥዕሉን ላላየ ሰው ሥዕል መንገር ነው። ከባድ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂድ፣ ደብተርና እርሳስ ይዘህ ግድግዳው ፊት ቁም። አንድ ታሪክ ምረጥና "ያምራል"፣ "ይደንቃል" የሚል ቃል ሳትጠቀም ጻፈው። ማን በየት በኩል ቆሟል? ዓይኑ ወዴት ያያል? ክፉዎቹ ለምን በአንድ ዓይን ብቻ ተሳሉ? በባህላዊ ሥዕላችን ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ክፉ ሰው በጎኑ፤ አንባቢው ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶችስ ሁሉም አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ቀና ብለህ አንድ በአንድ እያቸው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በ44 ክፈፎች ተከፋፍሎ፣ ከሥሩ ጽሑፍ ተጽፎበት የሚሳልበትን ሸራ አይተህ ከሆነ ደግሞ አያቶቻችን በተከታታይ ሥዕል ታሪክ ሲያነቡ እንደኖሩ ታውቃለህ። ናይሮቢ ላይ "ከየት መጣህ?" ሲሉህ የምትነግራቸው ነገር አለህ ማለት ነው።

ከአራዳ

*"ሠዓሊ ነኝ። ራሴ ያሳተምኩትን አጭር ኮሚክ አንድ ዝግጅት ላይ ይዤ ቀርቤ ነበር። ዘጋቢ ነኝ ያለ ልጅ እያገላበጠ ገጾቹን በሙሉ ፎቶ አንስቶ ለጠፋቸው። ሰው በነጻ አንብቦ ጨረሰው። ሳናግረው 'ማስታወቂያ ሠራሁልሽ' አለኝ። ምን ላድርግ?"*

እህቴ፣ የተናደድሽው በምክንያት ነው። እሱ የሠራው ማስታወቂያ አይባልም፤ መጽሐፍሽን ያለፈቃድሽ እንደገና ማሳተም ነው።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን ይጠብቃል። ሥዕልሽ በሕይወት እስካለሽና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት የአንቺና የወራሾችሽ ነው። አዋጁ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩን ተናግሮ፣ ለሚጽፈው ነገር የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መውሰድ ይቻላል። ሽፋኑንና አንድ ክፈፍ አሳይቶ "ይህ መስመር እንዲህ ነው" ቢል ምንም አልነበረም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው መለጠፍ ግን ጥቅስ አይደለም።

በመጀመሪያ በጽሑፍ "አውርደው" በይው፣ ቀኑ ይታወቅ። የለጠፈውን ስክሪንሹት አድርገሽ ያዢ። እምቢ ካለ ለለጠፈበት ማኅበራዊ ሚዲያ ሪፖርት ማድረግ ትችያለሽ፤ ከዚያም ካለፈ የሕግ ባለሙያ አማክሪ። ለሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛሽ ላይ "ሽፋኑን ማንሳት ይቻላል፣ የውስጡን ገጽ ግን ጠይቁኝ" የሚል ወረቀት ለጥፊ። ጨዋ የሆነ ሰው ያነበዋል።

ዘጋቢዎችም ይህን የምታነቡ አላችሁና፦ ገጽ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ሁሌም ጠይቁ። የምንወዳቸው ሰዎች በልተው ካላደሩ ሁለተኛውን መጽሐፍ አያወጡም።

ከፒያሳ አካባቢ

*"የ15 ዓመት ልጄ የምትወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ራሷ ሰፍታ ለብሳ ዝግጅት መሄድ ትፈልጋለች። ሥራዋን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ግን ያገኛት ሁሉ ፎቶ እያነሳ እንዳይለጥፋት እፈራለሁ።"*

እናታችን፣ ልብሱን ራሷ ሰፍታው ከሆነ መጀመሪያ እጇን ይባርክልዎ። ኮስፕሌይ የሚሉት ይህ ነው፤ ጨርቅ መምረጥ፣ መለካት፣ በካርቶንና በስፖንጅ ትጥቅ መሥራት፣ ብዙ ሙያ አለበት።

ስጋትዎ ትክክል ነው። የኒው ዮርኩ ኮሚክ ኮን ከ2014 ጀምሮ የገጸ ባሕርይ ልብስ መልበስ ለመነካትም ፎቶ ለመነሳትም ፈቃድ ማለት እንዳልሆነ በትልልቅ ሰሌዳ ጽፎ በር ላይ ያቆማል። እርስዎ አብረዋት ይሂዱ፤ ካልቻሉ የሚያምኑት አዋቂ ሰው ይሂድ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያወጣው ይጠይቁት። ለእርሷ ደግሞ "አይሆንም" ማለት ነውር እንዳልሆነ ይንገሯት። ሙሉ ስሟና ትምህርት ቤቷ አይጻፍ። ደህና ዘጋቢ የወላጅን ፈቃድ ሳይጠይቅ የልጅ ፎቶ አያወጣም፤ ከጠየቀም በኋላ ስለ ስፌቷ ይጠይቃታል እንጂ ፎቶ ብቻ አንስቶ አይሄድም።

ከቀሃ

*"እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ከውጭ ሠዓሊ ጋር ቃለ መጠይቅ ማድረግ እፈራለሁ።"*

አጫጭር ጥያቄ ጽፈህ ያዝ። መጽሐፉን ከፍተህ ገጹን በጣትህ እያሳየህ ጠይቅ፤ ግማሹን ሥዕሉ ይናገርልሃል። ቅዳውና ማታ ደጋግመህ ስማው፣ ያልገባህን ሰው ጠይቅ፣ ያልተባለውን በገዛ ቃልህ አትሙላ። ጽሑፍህን ደግሞ በአማርኛ ጻፈው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሞልቷል።

ከአምስት ጓደኛሞች

*"ጎንደር ላይ ትንሽ ኮሚክ ኮን ማዘጋጀት አስበናል። ገንዘብ የለንም። እብደት ነው?"*

አይደለም፤ ደስ ነው ያሰኛችሁኝ! የሳንዲያጎው እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ። መጋቢት 1970 ላይ ጥቂት አድናቂዎች በአንድ ሆቴል የአንድ ቀን ትንሽ ዝግጅት አደረጉ፤ ዓላማው ለዋናው ዝግጅት ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ዋናው በነሐሴ ሲደረግ የመጣው ሰው 300 ገደማ ነው። ከነዚያ አዘጋጆች ውስጥ ገና አሥራዎቹን ዕድሜ ያልጨረሱ ልጆች ነበሩበት።

ስለዚህ እናንተም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምሩ። ሁለት ሦስት የሠዓሊ ጠረጴዛ፣ አንድ ውይይት፣ ለልጆች ወረቀትና ቀለም ይበቃል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ አባቶችን ጋብዙ፤ ወጣቶቹ ኮሚክ ሠሪዎች አጠገባቸው ቢቀመጡ ሁለቱም ወገን የሚጠያየቀው ብዙ ነገር አለ። ለኔ የዝግጅታችሁ ዋናው ነገር ይህ ቢሆን ደስታዬ ነው። ጥር 11 አካባቢን ተዉት፤ በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ አልጋም አዳራሽም አይገኝም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በቀን ብርሃን የሚታይ፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነ ቤት ፈልጉ።

ለዘጋቢዎች ሕጉን ከበር ላይ ጻፉ፦ ገጽ ለማንሳት ሠዓሊውን ማስፈቀድ፣ ልጅ ለማንሳት ወላጁን ማስፈቀድ። የተሳታፊ ሠዓሊዎችን ስም በትክክለኛ ፊደሉ፣ ከሥራዎቻቸው ዝርዝር ጋር አድርጋችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩልን፤ የምናናግራቸውን ሰዎች መጽሐፍ አንብበን እንድንመጣ።